ኢኩዮ ሳትጠየቅ ደም አትወስድም

ኢኩዮ ታንባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስታወራ የኖረች ሴት ናት። በጃፓን የባሕር ዳር ከተማ በኡዋጂማ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ኮፍያዋን ቀና አድርጋ፣ ነጭ ጓንቷን አጥልቃ፣ ማይክ ጨብጣ፣ ፊቷን ወደ መንገደኛው አዙራ፦ "በቀኛችሁ የሚታየው ባሕር ነው፤ በግራችሁ ያለው የመንደሪን ተራራ ነው፤ መሐል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ፊልማችሁ እንዳያልቅ ከሦስታችን አንዱን ምረጡ!" ትላለች። መንገደኛው ይስቃል። እሷ ከመንገደኛው ሁሉ በላይ ትስቃለች። አውቶቡሱ የባሕር ዳሩን ጠመዝማዛ ሲዞር በግራ እግሯ ተደግፋ አብራው ትዞራለች።

ያ ግራ እግር ነው ጉድ የሠራት። ጡረታ ከወጣች በኋላ ዳሌዋ ይወጋት ጀመር። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ ነበር፣ ቀጥሎ ስትወርድ፣ በኋላማ ዝም ብላ ስትቀመጥም አልተዋት አለ። በስድሳ አራት ዓመቷ፣ በጸደይ፣ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘች ሆስፒታል ሄደች። ባሏ ቶኩሮ ቦርሳዋን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላታል። ቶኩሮ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሌሎች ፀጉር አስተካካዮች በአፋቸው የሚያወሩትን እሱ በመቀሱ ነው የሚያወራው፤ ቀሪውን ወሬ ለሚስቱ ትቶላታል።

ሐኪሙ ዶክተር ናሩሴ ይባላል። ረጅም፣ ዓይን አፋር ወጣት ነው፤ ሲናገር ጫማውን እያየ ነው።

"የዳሌዎ መገጣጠሚያ አልቋል" አለ ለጫማው። "አውጥተን ብረት እንተካልዎታለን።"

"ብረት! ይዝጋል?"

"አይዝግም።"

"ሰማህ ቶኩሮ? አንተ ታረጃለህ፣ እኔ አልዝግም! የት ነው የምፈርመው?"

የቀዶ ጥገናውን ወረቀት እየሳቀች ፈረመች። የማደንዘዣውንም እየሳቀች ፈረመች። ሦስተኛውን ወረቀት ስባ አርዕስቱን ስታነብ ግን ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። ደም ለመውሰድ የሚሰጥ ስምምነት ይላል።

ኢኩዮ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ሐኪሙ መጣ፣ አንድ ጠርሙስ ደም ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ ሄደ። የማን ደም ነው ያለ የለም፤ ልስጥሽ ወይ ያላትም የለም። በዚያን ዘመን ደም ይሸጥ ነበር፤ ያጣ የነጣ ሰው ሄዶ ይሸጣል፣ ሳያገግም ተመልሶ ይሸጣል። እናቷ ዳነች። ከሁለት ወር በኋላ ግን የዓይኗ ነጭ ብጫ ሆነ። የወፍ በሽታ አሉት ጎረቤቶች። ጉበቷ ዳግመኛ አልተመለሰም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ታማ ኖራ ሞተች። ሐኪሙን አንድም ቀን ክፉ ተናግራው አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፦ "ቢጠይቁኝ እኮ እሺ እል ነበር። እየሞትኩ አልነበር? ግን አልጠየቁኝም።"

ኢኩዮ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ይሄን አልፈርምም" አለች።

ልጇ ቺዙሩ ከኦሳካ ፈቃድ ወስዳ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች። የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ስለሆነች ቅጽ ያለ ፊርማ ሲቀመጥ ሰውነቷን ያሳክካታል።

"እማ፣ ፈርሚ በቃ! ሁሉም ሰው የሚፈርመው ነው።"

"ሁሉም ሰው ይፈርማ። ማን ከለከለው?"

"ዶክተር፣ ይስጡኝ፣ እኔ ልፈርምላት።"

ወረቀቱን ከዶክተሩ ቀድማ የያዘችው ሲስተር ማኪኖ ናት፤ የክፍሉ ነርስ፣ እጇ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም።

"እናትዎ ሙሉ ልቡና አላቸው" አለች። "ስለ ገላቸው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ከፈረሙ ቀዶ ጥገናውንም ለእርስዎ ነው የምንሠራው። ጋውን ላምጣ?"

ኢኩዮ ነርሷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ወደደቻት።

"በሉ እንግዲያው፣ ሳልፈርም በፊት ላንብበው" ብላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ተረኞች መጠበቂያ ወጣች፤ እዚያ መብራቱ ይሻላል አለች። ቁጭ ብላ በሹክሹክታ ጀመረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ማይክ የያዘ ሰው ግን ሹክሹክታ አይሆንለትም። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ራሱን ችሎ ተነሣ።

"ገጽ አንድ! የሰው ደም ለምን ያስፈልጋል። ገጽ ሁለት! ደም የወሰደ ሰው ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፤ ቆዳው ሊያሳክከው ይችላል፤ አልፎ አልፎ ለመተንፈስ ሊቸገር ይችላል። በስተቀኝ የምትመለከቱት የጉበት ቫይረስ ሲሆን፣ በስተግራ ደግሞ ኤችአይቪ ነው..."

ክንዱ በጀሶ የታሸገ ሰውዬ ወንበሩን አስጠጋ። አንዲት አሮጊት "ድገሚልኝ የኔ ልጅ፣ የማሳከኩን አልሰማሁም" አለች። አንዱ ተነሥቶ "እኔ ባለፈው ዓመት ይሄን ሳላነብ ነው የፈረምኩት!" ብሎ ጮኸ። ዶክተር ናሩሴ በሩ ላይ ቆሞ እስከ ጆሮው ቀይ ሆኗል። ሲስተር ማኪኖ ግድግዳ ተደግፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነው።

ኢኩዮ አንብባ ጨርሳ ጭብጨባዋን ተቀብላ ተመለሰች።

"ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለጫማዎ ሳይሆን ለእኔ ይንገሩኝ። ምን ሊይዘኝ ይችላል?"

ወጣቱ ሐኪም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አያት።

"ዛሬ ደም አይሸጥም" አለ። "በነፃ ነው የሚሰጠው፤ እያንዳንዱ ከረጢትም ይመረመራል። ራሱን ቫይረሱን የሚፈልግ ምርመራ አለ። ግን ሰጪው ቫይረሱ የያዘው በቅርቡ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት ከሆነ፣ ደሙ ውስጥ ያለው ትንሽ ስለሆነ ምርመራው ላያየው ይችላል። በጣም፣ በጣም ጥቂት ነው። ከመቶ ሺህ ሰው አንድ እንኳ መድረሱን እንጃ። ግን ዜሮ ነው ልልዎት አልችልም።"

"አይችሉም?"

"አልችልም። ደግሞ ብዙ ደም ፈስሶዎት ሳንሰጥዎት ብንቀር ሊሞቱ ይችላሉ። እሱም ዜሮ አይደለም።"

ኢኩዮ ቶኩሮን በክርኗ ጎሸመችው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት 'አሁን እንደርሳለን' እያልኩ ሰው ሳታልል የኖርኩ ነኝ። ውሸት ከሩቅ ይሸተኛል። ይሄ ልጅ አይዋሽም።"

"አይዋሽም" አለ ቶኩሮ።

"ሌላ መንገድም አለ" አለ ዶክተሩ በረታ ብሎ። "ከቀዶ ጥገናው በፊት በሁለት ጊዜ የራስዎን ደም ቀድተን እናስቀምጣለን። የዚያን ዕለት መልሰን እንሰጥዎታለን።"

"የራሴን ደም? ከእኔ ወደ እኔ?"

"ከእርስዎ ወደ እርስዎ።"

"እስከዚያ የት ይቀመጣል?"

"ፍሪጅ ውስጥ።"

"ከማን ጋር?"

"ከ... ከሌሎች ደሞች ጋር።"

"ቢምታታስ?"

"ስምዎን ራስዎ ከረጢቱ ላይ ይፈርማሉ። ያም ቢሆን የራስ ደምም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሲቀዳ ወይም ሲቀመጥ ጀርም ሊገባው ይችላል። ስለዚህ ለእሱም የስምምነት ወረቀት አለ።"

ኢኩዮ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

"የራሴን ደም ከራሴ ለመውሰድ ራሴን ላስፈቅድ? ራሴ እምቢ ብትለኝስ?" ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። ዶክተር ናሩሴም ሳቀ፤ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር ሰው ኖሯል።

ያን ዕለት ለምርመራ ጥቂት ደም ሰጥታ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ማኪኖ ስልክ ደወለች።

"ወይዘሮ ኢኩዮ፣ ቢመለሱልኝ። ሌላ ናሙና ያስፈልገኛል። ቅጹ ላይ ኤ ብለው ጽፈዋል?"

"ኤ ነኝ። ከሠርጌ በፊት ጀምሮ ኤ ነኝ።"

ሁለተኛው ናሙና ተወሰደ። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ።

"ቢ ነዎት" አለች ሲስተር ማኪኖ።

ኢኩዮ ወንበሩን ጨብጣ ቆመች። እዚያ አገር የደም ዓይነት ቀልድ አይደለም፤ ሰው ልጁን ሲድር፣ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ ከጎረቤቱ ሲጣላ ስለ ደም ዓይነት ይነሣል። ኤ የሆነ ሰው ንጹሕ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ፎጣውን በልክ ያጥፋል። ቢ የሆነ ሰው ደግሞ ልቡ ያለውን ያደርጋል፣ አፉ ያመጣለትን ይናገራል። ኢኩዮ አስጎብኚ ለመሆን ስትቀጠር የሆነ ሰው ኤ ነሽ ብሎ ባጇ ላይ ጻፈላት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ኤ ለመሆን ስትታገል ኖራለች።

"አርባ ዓመት!" አለች። "አርባ ዓመት ፎጣ ሳጥፍ! በየወሩ ቁም ሣጥን ሳስተካክል! ለማን ብዬ ነው?"

ሲስተር ማኪኖ አልሳቀችም። "ይስሙኝ" አለች እጇን ይዛ። "ባጅዎን አምነን የኤ ደም ብንሰጥዎት ኖሮ ሊሞቱብን ይችሉ ነበር። ለዚህ ነው ሰውየውን የማናምነው፤ ደሙን ነው ሁለት ጊዜ የምንጠይቀው።"

ይህን ሰምታ ኢኩዮ ክንዷን ዳበሰች፤ ጠጉሯ ቆሟል። ቢሆንም ቤት እስክትደርስ ሳቋ ቀድሟት ነበር። የፀጉር ቤቱን በር በርግዳ "ቶኩሮ! ያገባኸው ሌላ ሴት ነው! ቢ ነኝ!" አለች።

ቶኩሮ መቀሱን አቆመ። "እኔስ ጠርጥሬ ነበር" አለ።

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ፎጣውን አፉ ላይ ጫነ። ምሳ ላይ ግን ቺዙሩ ሾርባዋን እያማሰለች ቆየችና ድንገት ማንኪያዋን ጣለች።

"ቆይ። እኔ ኤ ነኝ። ደም ስለግስ መርምረው ነግረውኛል፤ ካርድ አለኝ። አባባ ኦ ነው። እማ ቢ ከሆነች..." ጣቶቿን ቆጠረች። "ከኦ እና ከቢ ኤ አይወለድም! እማ! እኔ የማን ልጅ ነኝ?"

ቶኩሮ የአኩሪ አተር አይቡን፣ ቶፉውን፣ በቾፕስቲክ እንደያዘ ቀረ። ኢኩዮ ባሏን አየች፣ ልጇን አየች፣ ሁለት እኩል ቆልማማ አፍንጫ ትይዩ ተቀምጦ አየች፣ ከዚያ ተንከተከተች። ዳሌዋ እስኪያማት ሳቀች።

"ያንን አፍንጫ ከየት አመጣሁት ልትዪ ነው? ከፖስታ ቤት?"

"አልስቅም እማ! የአባባ ኦ መሆንስ የት ተጽፏል?"

"ትምህርት ቤት" አለ ቶኩሮ። "ያኔ ብዙ ነገር ተሳስተው ጽፈዋል።"

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ሄዶ ተመረመረ። ኤ ሆኖ ተገኘ። ቺዙሩ የአባቷ ልጅ መሆኗ ታውቆ እፎይ ከማለቷ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ኤ የሆነ ባልና ቢ የሆነች ሚስት ከትዳሮች ሁሉ የመጨረሻው የማይሆን ትዳር ነው ተብሎ በየመጽሔቱ ይጻፋል።

ቶኩሮ ነገሩን አሰበበት። "ሳናውቅ ተስማምተን ኖርን" አለ።

በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ከረጢት ተቀዳ። ኢኩዮ አልጋው ላይ ተጋድማ ቱቦው ውስጥ ቀስ እያለ የሚሄደውን ጥቁር ቀይ ነገር በግርምት ስታይ ቆየች፤ በመጨረሻ ለብ ያለውን ከረጢት በመዳፏ ይዛ ስሟን ፈረመችበት። "በይ ቆንጆ፣ ብርድ እንዳይመታሽ" ብላ ተሰናበተችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ተቀዳ። ደሟ እንዲተካ የብረት ክኒን ታዘዘላት። ሰፈሩ ግን በክኒን አላመነም። አንዷ ጉበት በዝንጅብል ሠርታ አመጣች፣ ሌላዋ የባሕር አረም ቀቅላ፣ ዓሣ ሻጩ ባልዲ ሙሉ ዛጎል ዓሣ በር ላይ አስቀምጦ ሮጠ። ኢኩዮ እስክትጠግብ ትበላለች፣ የተረፈውን ቶኩሮ ይበላል፤ በወሩ የወፈረው ቶኩሮ ነው።

አንድ ነገር ግን ገና አልተዘጋም። ሁለተኛው ከረጢት በተቀዳ ዕለት ዶክተር ናሩሴ ሦስተኛውን ወረቀት መልሶ አመጣ።

"ሁለቱ ይበቃሉ ብዬ አስባለሁ። ባይበቁስ? ያኔ እርስዎ ተኝተዋል፣ ልጠይቅዎት አልችልም። አሁን ነው የምጠይቅዎት።"

"እምቢ ብልስ?"

"እምቢታዎን እጽፋለሁ። ያለ ሰው ደም የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። ምን ሊሆን እንደሚችል ነግሬዎታለሁ።" ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ "አልቆጣዎትም። ይዘውት ይሂዱ።"

ኢኩዮ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። አምስት ቀን ሙሉ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ዋለ። ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ ያያታል። በአንድ በኩል የእናቷ ብጫ ዓይን አለ። በሌላ በኩል ያ ልጅ "ዜሮ ልልዎት አልችልም" ሲል ያየችው ፊት አለ። ሳቋ ቀነሰ። ቶኩሮ ይህን ሲያይ ተጨነቀ፤ ቢጨነቅም ፈርሚ አላላትም፣ አትፈርሚም አላላትም። ሻይዋን ብቻ አቀረበላት።

በስድስተኛው ቀን እንቁላል ልትገዛ ስትወጣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ አንድ ትልቅ ነጭ አውቶቡስ ቆሞ አየች። የደም ልገሳ አውቶቡስ ነው። አውቶቡስ ያየች ኢኩዮ ልቧ መቆም አይችልም። ምርኩዟን የወረወረች በሚመስል ፍጥነት ደረጃውን ወጣች።

"እማማ፣ ለመለገስ ነው?" አለቻት በሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት።

"አይ የኔ ልጅ። እኔ ተቀባይ ልሆን የምችል ነኝ። ምን እንደምትቀበሉ ለማየት መጣሁ።"

ሴትዮዋ ግራ ገባት፤ ቢሆንም ጥግ ላይ ወንበር ሰጠቻት። ኢኩዮ ቁጭ ብላ ሰማች። አንድ ግዙፍ ዓሣ አጥማጅ ገብቶ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ጥርስዎን በቅርቡ ታክመዋል?" ተባለ።

"ትናንት አስነቅያለሁ።"

"ዛሬ አይችሉም። ሌላ ጊዜ ይምጡ።"

"በጥርሴ ነው እንዴ ደም የምትቀዱት? ክንዴን እዩት እስቲ!"

"ክንድዎ ያምራል። ይዘውት ሌላ ጊዜ ይምጡ።"

አጥማጁ እያጉረመረመ ወረደ። ቀጥላ ጥሩ የለበሰች ሴት ገብታ የጥያቄውን ወረቀት መሙላት ጀመረች። ለበሽታ ስለሚያጋልጥ ነገር የሚጠይቀው መስመር ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። ጉንጯ ቀላ። ብድግ ብላ "ይቅርታ፣ ዛሬ ባልሰጥ ይሻላል" አለች በቀጭን ድምፅ። ለምን ያላት የለም። "ስለመጡ እናመሰግናለን" ተብላ ጭማቂ ተሰጥቷት ሄደች። ኢኩዮ እስክትሰወር ድረስ በመስኮቱ በዓይኗ ተከተለቻት። ያቺ ሴት እውነቱን ለራሷ ተናግራ ለማታውቀው ሰው ስትል ተመለሰች። ለኢኩዮ ስትል ሊሆን ይችላል።

አልጋ ላይ የተኛችው ደግሞ ጠንካራ ትከሻ ያላት ወጣት ናት፤ ቱታ ለብሳለች፣ ክንዷን ዘርግታ ማስቲካ ታኝካለች።

"ለማን ነው የምትሰጪው?" አለቻት ኢኩዮ።

"እኔ እንጃ።"

"ስጪ ብሎ ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም። እኔ ነኝ ውሰዱልኝ ብዬ የጠየቅኳቸው።" ወጣቷ ማስቲካዋን ነፋች። "ምነው እማማ፣ ሊሰጥዎት ነው እንዴ? ይውሰዱት፣ ምቾት ይስጥዎት! ደሜ ትንሽ ቁጡ ነው፣ ከዚያ ውጭ እንከን የለውም።"

ኢኩዮ ሳቋ ተመለሰ፤ ለአምስት ቀን ታፍኖ የቆየው ሁሉ በአንዴ ወጣ። እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ከዚያም በሩ አጠገብ የተሰቀለች ትንሽ የድምፅ ማጉያ ታየቻት። ማንም ሳይፈቅድላት አነሣቻት።

"ክቡራትና ክቡራን! በቀኛችሁ ሱፐርማርኬት ነው፤ ድንች እስከ ነገም ይጠብቃችኋል። በግራችሁ አውቶቡስ አለ፤ የትም አይሄድም፣ ግን ሩቅ ያደርሳል! ጥርስ ያስነቀላችሁ አትግቡ! የምትጠራጠሩ አትግቡ፣ ጭማቂ ጠጥታችሁ ሂዱ! ደኅና የሆናችሁ ኑ!"

ሰው ቆመ፣ ሳቀ፣ ተሰለፈ። ሴትዮዋ ማጉያውን ልትቀማት መጥታ ሰልፉን ስታይ ተወቻት።

ኢኩዮ እንቁላሉን ረስታ ቤት ገባች። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ነቀለች፣ ፈረመች፣ ከፊርማዋ በታች በራሷ እጅ ጻፈች፦ "የራሴ ካለቀ የሰው ይጨመርልኝ። ተጠይቄ እሺ ብያለሁ። ስነቃ ስንት እንደሆነ ንገሩኝ።"

ቀዶ ጥገናው የግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ሆነ። ኢኩዮ ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው የዶክተር ናሩሴን አገጭ ነው፤ አጎንብሶ ሲያያት።

"ብረቱ በደንብ ገብቷል" አለ። "እንዳዘዙኝ ልንገርዎት። ሁለቱ የራስዎ ከረጢቶች ተሰጥተዋል። ከጠበቅነው በላይ ደም ስለፈሰሰ አንድ ከረጢት የሌላ ሰው ጨምረናል። አንድ ብቻ።"

ዓይኗን ጨፈነች። አንድ። የማታውቀው ሰው ገላዋ ውስጥ ገብቶ እየዞረ ነው። ዓይኗን ገለጠች።

"ማን ነው?"

"አይታወቅም።"

"ወንድ ነው ሴት?"

"አይነገርም።"

"ቁጡ ከሆነችስ?" አለችና መሳቅ ጀመረች። ሲስተር ማኪኖ "ኧረ ስፌቱ! ስፌትዎ!" እያለች ሮጣ መጣች። በዚያው ቀን ኢኩዮ ደረቷና ክንዷ ላይ ሽፍታ ወጣባት፤ ማሳከክ ጀመራት። ቺዙሩ ደንግጣ ደወሉን ስትጫን እናቷ ግን በደስታ ጮኸች፦ "ገጽ ሁለት! አውቀዋለሁ! ገጽ ሁለት ላይ ነው!" መድኃኒት ተሰጣት፣ ሽፍታው ጠፋ። በጎኗ የተኛችው በሽተኛ ያ ወረቀት እንዲነበብላት ጠየቀች።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ደም ለወሰደ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ምርመራ ይደረጋል፤ ቫይረስ ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ኢኩዮ ሦስቱን ወር በሁለት ልብ ነው ያሳለፈችው። ቀን ቀን በአዲሱ ዳሌዋ መራመድ ትለማመዳለች፤ መጀመሪያ በረንዳው ላይ፣ ቀጥሎ እስከ ወደቡ፣ በኋላ ደግሞ ያለ ምርኩዝ፣ ለእያንዳንዱ ጎረቤት "ይሄ ብረት ነው፣ ንኩኝ!" እያለች። ጠዋት ጠዋት ግን ቶኩሮ ሱቁን ሳይከፍት ትወርድና ትልቁ መስተዋት ፊት ቆማ የዓይኗን የታች ቆዳ በጣቷ ስባ ነጩን ታያለች። ቶኩሮ ከኋላዋ መጥቶ መብራት ያበራላታል፤ በደንብ እንድታይ።

"ነጭ ነው" ይላል።

"አየህ በደንብ?"

"ነጭ ነው።"

በነሐሴ ሙቀት ለምርመራው ሄደች። ውጤቱን ልትሰማ በተቀጠረችበት ጠዋት ብቻዬን እሄዳለሁ አለች፤ ቶኩሮም ደንበኛ ነበረው። ዶክተር ናሩሴ ወረቀቱን ይዞ ገባ። ጫማውን አላየም። ለጉበት ቫይረስ፣ በደም ለሚተላለፉት ለሁለቱም ዓይነት፣ የለም። ለኤችአይቪ፣ የለም። ጉበቷ ደኅና ነው።

"አሁንስ ዜሮ ልትለኝ ትችላለህ?" አለችው፤ በደስታ አንቱታውን ረስታዋለች።

"ለዚህኛው ከረጢት፣ አዎ" አለ። "ዜሮ።"

ሲስተር ማኪኖን አቅፋ በሰፊ እጇ እስክትታሽ ድረስ ቆየች። ከዚያ ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ እያራገበች ቁልቁለቱን ወረደች፤ የዓሣ ገበያውን አለፈች፣ ያገኘችውን ሁሉ "የለም! የለም!" እያለች ሰላም አለች፤ ምን እንደሌለ ያልገባው ሰው እንኳ "እንኳን ደስ አለሽ" አላት።

የፀጉር ቤቱን በር ከፈተች። ወንበሩ ላይ አቶ ሺንጋይ፣ የባንክ ጡረተኛው፣ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ሆኖ ተንጋለዋል። ቶኩሮ ምላጩን እንደያዘ ዞረ። ኢኩዮ መናገር ፈለገች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጠፋባት። ወረቀቱን ብቻ ዘረጋችለት።

ቶኩሮ አነበበው። ምላጩን በጥንቃቄ አስቀመጠ። ሽርጡን ፈታ። አጥፎ፣ ማዕዘን በማዕዘን፣ መደርደሪያው ላይ አኖረው። ለአቶ ሺንጋይ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

"ዛሬ ዝግ ነው" አለ።

"ዝግ? ቀሪው ጢሜስ?"

"ነገ።"

"ምን ልትሠሩ ነው?"

"የዓሣ ሩዝ ልንበላ" አለች ኢኩዮ ድምፅዋን አግኝታ። "ወደቡ ላይ። በሁለት ሳህን፣ በእንቁላል!"

አቶ ሺንጋይ መስተዋቱን አዩ፣ ግማሽ ፊታቸውን አዩ፣ ፎጣውን ከአንገታቸው ላይ መዘዙ።

"እንግዲያው እኔም እመጣለሁ" አሉ። ሦስቱም ወጡ፤ ፀሐዩ ላይ የአቶ ሺንጋይ አረፋ ያንጸባርቃል፣ ሴቶች ከየመስኮቱ እየወጡ ይስቃሉ፣ ኢኩዮ መሐል ሆና በሁለቱም ክንድ ተደግፋ፣ መደገፍ ሳያስፈልጋት፣ ወደ ወደቡ ወረዱ።